በርና መቃን፤ ማን ማንን ይቁረጥ?

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛ ምዕራብ ዓባያን ሲያቋርጥ በግራው የጋሞን ደጋ፣ በቀኙ የዓባያን ሐይቅ ይመለከታል። በመካከላቸው በተንጣለለው ሜዳ የሚታየው የሙዝ እርሻ ከደጋው በሚወርዱ ወንዞች ይጠጣል። በመስኖ ሥራ ውሃን ከዋናው ቦይ ወደየማሳው ለማደላደል ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ በመቃን ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት የብረት በር ነው። በኮምፒውተር የታገዘ ንድፍን፣ በተለምዶ ካድ የሚባለውን፣ ለሚማሩ ወጣቶች ከዚህ ተራ ዕቃ የተሻለ መምህር የለም ብለን እናምናለን።

ለመሆኑ በአንድ አካል ሌላውን መቁረጥ ሲባል ምን ማለት ነው? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የስብስቦችን ልዩነት ያውቃል። ከስብስብ «ሀ» ውስጥ የ«ለ» አባላት ሲወጡ ቀሪው «ሀ − ለ» ይባላል። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መቃኑ የነጥቦች ስብስብ ነው፤ በሩም እንዲሁ። የበሩ አካል ከመቃኑ ሲቀነስ በመቃኑ ላይ የበሩን ቅርጽ የያዘ ስንጥቅ ይቀራል። ፓራሜትሪክ በሚባለው የንድፍ ዘዴ ደግሞ ይህ ቅነሳ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚረሳ ሳይሆን ዘወትር የሚታወስ ትእዛዝ ነው። የበሩ ውፍረት ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢለወጥ ስንጥቁ በራሱ ይሰፋል። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዶክትሬት ዲግሪው ባቀረበው ስኬችፓድ በተሰኘ ሥራ በመሥመሮች መካከል ያለውን ዝምድና ኮምፒውተር እንዲጠብቅ ካደረገ ወዲህ ይህ ሐሳብ ረጅም መንገድ ተጉዟል።

ይሁን እንጂ ቀላል መስሎ የሚታየው ነገር ሦስት ወጥመዶች አሉበት። የመጀመሪያው ፊዚክስን መርሳት ነው። በ6 ሚሊ ሜትር በር የተቆረጠ ስንጥቅ ልክ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በስክሪኑ ላይ ውብ ነው፤ በቦዩ ውስጥ ግን አይንቀሳቀስም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲጨምር የሚረዝመው 0.36 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዋነኞቹ ጠላቶች ዝገት፣ ቀለም፣ በብየዳ ምክንያት የሚመጣ መጣመምና ደለል ናቸው። በዚህ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ባለው በር ጀርባ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ቢቆም በበሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት 4,900 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ500 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። የሰበቃው ቁጥር 0.4 ቢሆን ሰበቃውን ለማሸነፍ ብቻ ወደ 2,000 ኒውተን ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚቆርጠው በሩ ራሱ ሳይሆን በየጎኑ፣ ለምሳሌ፣ 2 ሚሊ ሜትር የተጨመረበት የበሩ ምስል መሆን አለበት። ያ 2 ሚሊ ሜትርም ስም ተሰጥቶት በንድፉ ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ እኛን ራሳችንን የያዘን ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ትንሽ በር ንድፍ አዘጋጅተን ወደ አንድ ወርክሾፕ ላክን። ቁርጡን የሠራነው ክፍሎቹ በተገጣጠሙበት ፋይል ላይ ስለነበር የመቃኑ የራሱ ፋይል ምንም አልተነካም። ባለሙያው የደረሰውን የመቃን ንድፍ አክብሮ ስንጥቅ የሌለው መቃን ሠርቶ ሰጠን። ብረቱም ገንዘቡም ባከነ፤ ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የእርሱ አልነበረም። በግጣሙ ላይ የሚሠራ ቁርጥ ክፍሎች ከተገጣጠሙ በኋላ በአንድነት ለሚበሱ ቀዳዳዎች ተገቢ ነው። ለብቻው የሚመረት ክፍል ግን ቁርጡን በራሱ ፋይል መያዝ አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው የአቅጣጫ ጥያቄ ነው። «ሀ − ለ» እና «ለ − ሀ» አንድ አይደሉም። ማን ማንን ይቁረጥ? መቃኑ በሩን፣ በሩም መቃኑን እንዲከተል ብናዝዝ ሶፍትዌሩ በክብ ውስጥ ገብቶ ትእዛዙን አይቀበልም። መልሱን የገጠር ገበሬ ያውቀዋል። የመጥረቢያው ዛቢያ ሲሰበር አዲሱን እንጨት በብረቱ ቀዳዳ ልክ ይጠርበዋል እንጂ ብረቱን በእንጨቱ ልክ አያሰፋም። ለመለወጥ የሚቀልለው ለመለወጥ የሚከብደውን ይከተላል። በሩና መቃኑ ገና በወረቀት ላይ ሳሉ በሩ መቃኑን ይቁረጥ። መቃኑ በኮንክሪት ከተቀበረ በኋላ ግን ዝምድናው መገልበጥ አለበት። ያን ጊዜ የስንጥቁ ልክ የተቆለፈ እውነት ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚተካው አዲስ በር ልኩን ከእርሱ ይወስዳል። ይህን ያልገለበጠ ንድፍ አውጪ የበሩን ውፍረት ሲለውጥ በስክሪኑ ላይ ያለው መቃን ታዝዞ ይሰፋለታል፤ በማሳው ዳር ያለው መቃን ግን አይታዘዝለትም።

እንግዲህ ቅሬታችን ይህ ነው። ካድ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ነው። ሶፍትዌር ሲቀየር ያ እውቀት ያረጃል፤ ስለ ዝምድና ማሰብ ግን አያረጅም። ውድ ፈቃድ መግዛት አለመቻልም ከእንግዲህ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ነጻው ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በወጣው 1.0 እትሙ ክፍሎችን የመገጣጠሚያ መሣሪያ አብሮ ይዞ መጥቷል፤ የተቀዳ ሶፍትዌር መሻማት ሳያስፈልግ ማንም ሊለማመድበት ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ቁርጥ ከመሥራታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መልሱ። ማን ማንን ይከተላል? በመካከላቸው ስንት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር? ቁርጡ የሚኖረው በየትኛው ፋይል ነው? ከዚያ በኋላ ሜትራችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የመስኖ በር ውረዱ፤ በሩንና መቃኑን ለክታችሁም ከንድፋችሁ ጋር አስተያዩ። በሩ አልከፈት ሲል ማሳው የሚደርቅበት ገበሬ ስክሪናችሁን አያየውም፤ የሚያውቀው ውሃው መድረሱን ወይም አለመድረሱን ነው።