ብሔራዊ አገልግሎት፦ ፈርዱ ዓይን ወይስ ፈርዱ ኪፋያ?



ከዒሻ ሶላት በኋላ በየዶርሙ የሚነሳ፣ ጠፋ ሲባል ደግሞ የሚመለስ ክርክር አለ። ወጣቱ፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው፣ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አንድ ዓመት አገሩን በግዴታ ያገልግል ወይስ አያገልግል? አንዱ ወገን «የተማርነው በድሃ ገበሬ ግብር ነው፤ አንድ ዓመት ብንመልስ ምን አለበት?» ይላል። ሌላው «አምስት ዓመት የጠበቀን ቤተሰብ ሌላ አንድ ዓመት ይጠብቅ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው «ግዴታ» የምትለዋን ቃል ሁላችንም እንደ አንድ ነገር ስለምናያት ይመስለናል። ዑለሞቻችን ግን ግዴታን ለሁለት ከፍለው ነው ያስተማሩን።

በቁርአን ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ፈርዱ ዓይን በእያንዳንዱ ሰው ትከሻ ላይ ለየብቻ የሚወድቅ ነው፤ እንደ አምስት ወቅት ሶላት፣ ማንም ለማንም አይሰግድለትም። ፈርዱ ኪፋያ የሚወድቀው በማኅበረሰቡ ላይ ነው። የሚበቃ ሰው ከተነሳለት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልተነሳ ሁሉም ይጠየቃል። ልጅ ሆነን ምሳሌው ሁልጊዜ ሶላተል ጀናዛ ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ ግን በኢሕያእ ዑሉሚዲን የዕውቀት ክፍል ሕክምናን፣ ሒሳብን፣ እርሻንና ሽመናን ሳይቀር በዚሁ ውስጥ ይቆጥራሉ። እንዲያውም ሙስሊም ሐኪም በሌለበት ከተማ በፊቅህ የሚከራከር ሰው ሞልቶ ማየታቸው አስቆጭቷቸው ጽፈዋል። ይህ ከ900 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ወደ አንዳንዱ የተማሪ መስጂድ ጎራ ቢሉ፣ የሲቪልና የመካኒካል ተማሪ ተሰልፎ ውዱእ የሚያደርግበት ቧንቧ ዓመቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ያዩ ነበር። ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።

አገርን ማገልገል ለእኛ ፈርዱ ኪፋያ ነው። በአዋጅ ወደ ፈርዱ ዓይን ቢቀየር ይበላሻል የምንለውም ለዚህ ነው። አዋጁን ተቃውሞ ወደ አልጋው የሚመለስ ሰው ግን ከአዋጅ አውጪው የባሰ ተሳስቷል።

አገራችን ነገሩን ሞክራዋለች፤ አንዴም አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ማሠራት ጀመረ። ብዙዎቹ በአስተማሪነት ነበር የሚሄዱት፤ ከከተማ ያልወጣ ልጅ ገበሬን ከቅርብ ያየው ያኔ ነው። ቀጥሎ ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን አወጀ። የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ወደ 60,000 ገደማ ሆነው ወደ ገጠር ወጡ። ፊደል አስቆጠሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ። በሁለተኛው ወር፣ የካቲት 25፣ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ለጭሰኛው አንብበው የነገሩት፣ የገበሬ ማኅበር ያደራጁት እነሱ ናቸው። መሬት ያልነበረው ሙስሊም ገበሬም ከተጠቀሙት አንዱ ነውና ይህን ማቃለል አይገባም። ዘማቾቹ ዛሬ አዛውንት ሆነው ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል።

ግን ሌላም ገጽ አለው። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። መንግሥት የላካቸው ወጣቶች ገበሬውን ከልባቸው ሲያደራጁ ከባለመሬቱና ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጩ፤ የታሰሩም የሞቱም አሉ። ብዙዎች ዘመቻውን ጥለው ጠፉ። የላካቸው አካል የፈለገው እጃቸውን ነበር፤ ጭንቅላታቸው አብሮ ሲመጣ አልወደደውም። ማንኛውም የግዴታ አገልግሎት ውስጥ ይህ አደጋ አለ፤ የወጣቱን ዓመት የያዘ አካል የወጣቱን አፍም መያዝ ያምረዋል።

ሦስተኛውን ወላጆቻችን አይረሱትም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ጠራ። በወረቀት ላይ ሥርዓት ያለው ነገር ነበር፤ በመንደር ግን ስሙ «አፈሳ» ሆነ። እናቶቻችን «ብሔራዊ አገልግሎት» ሲባል የሚሰሙት ይህንን ነው፤ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ጎረቤታችን ኤርትራም በሕግ 18 ወር ብላ የጀመረችው አገልግሎት ከ1990ው ጦርነት ወዲህ መጨረሻው የማይታወቅ ሆኖ ትውልድ በባሕርና በበረሃ አስመልጧል። የጊዜ ገደብ የሚከበረው ገደቡን ያወጣው ሰው እስከፈለገ ድረስ ብቻ ከሆነ ገደብ አይባልም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በኃይል ተገዶ ወይም ግዴታ ለማሟላት ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎችም አሉት፤ ከነሱ አንዱ የኅብረተሰቡን ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲደርስ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ሌላው ሕዝብ በአካባቢው የሚያከናውነው የልማት ሥራ ነው፤ እሱ ግን «በፈቃደኝነት» ከሚል ቃል ጋር ነው የተቀመጠው። ልማት በፈቃድ፣ ግዴታ ለአደጋ ጊዜ ማለት ነው። ከፈርዱ ኪፋያ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። በሱረቱ ተውባም አማኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳይዘምቱ፣ ከየወገኑ ዲንን የሚማር ቡድን እንዲኖር ተመልክቷል። በዘመቻ ጊዜ እንኳ ሁሉም አይወጣም።

ወደ ኪሳችን እንምጣ። አንድ ዓመት ለሁሉም እኩል አንድ ዓመት አይደለም። አባቱ ነጋዴ የሆነ ተመራቂ በአበል ብቻ አንድ ዓመት ቢያሳልፍ ሽርሽር ነው። ከእሱ በታች አራት ታናናሾች ያሉት፣ እናቱ እንጀራ ሸጣ ያስተማረችው ልጅ ግን ያ ዓመት የታናሽ እህቱ የትምህርት ዓመት ነው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «እኩልነት» ይለዋል። ደግሞስ የምድብ ቦታ ሲወጣ ዘመድ ያለው ከተማ እንደሚቀር፣ የሌለው ዳር እንደሚሄድ ማን ይጠራጠራል? ዕዳ አለባችሁ ለሚሉን ደግሞ፣ ገና ስንገባ የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ደንቡም በመምህርነትና በመሳሰሉት የሚሰማራ ተመራቂ ድርሻውን በአገልግሎት እንዲከፍል መንገድ ይከፍታል። ያ መንገድ ለውሃ፣ ለጤና፣ ለገጠር መንገድ ቢሰፋ ማንም አይቃወምም።

ከደጋፊዎቹ ክርክር ጠንካራው «ወጣቱ እርስ በርሱ አይተዋወቅም፤ አንድ ዓመት ሌላ ክልል ቢኖር አገሪቱ ትድናለች» የሚለው ነው። አክብረን እንመልሳለን። እኛ እኮ ይህን እየኖርነው ነው። ምደባ ሲወጣ ማን ጠየቀን? ከጅማ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደሴ ወደ ወላይታ ተልከን አምስት ዓመት አብረን እንኖራለን። ስንቶቻችን ነን የምንኖርበትን ከተማ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ የለመድን? ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅና ከሻይ ቤቷ እናት ሌላ ማንን እናውቃለን? አጠገብ ለአጠገብ መኖር ብቻውን አያዋድድም፤ የሚያዋድደው አንድ ሸክም አብሮ መሸከም ነው። መንገዱ ራሱ ደኅና ባልሆነበት ጊዜ ደግሞ ማን ማንን ይልካል? በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ወላጆች ልቅሶ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ቢያነሳ አገሩን የጠላ አይደለም።

ናይጄሪያ ከቢያፍራ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራቂዎቿን በሙሉ ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ ለአንድ ዓመት መላክ ጀምራለች፤ እስከ ዛሬም አላቆመችም። በዚያ የተዋወቁ፣ የተጋቡም ብዙ ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት በባውቺ ግዛት ብቻ 10 አገልጋይ ወጣቶች ተገደሉ። መንግሥት አስገድዶ የላከውን ልጅ የመጠበቅ ግዴታው እጥፍ ነው፤ አልጠበቃቸውም።

እዚህ ላይ ለራሳችን ወገን አንድ ቃል። ብዙ ወንድሞች ይህ ርዕስ ሲነሳ ወዲያው «ሒጃብስ? ሶላትስ? ምግቡስ?» ይላሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ናይጄሪያም ውስጥ የካምፕ ልብስና የሒጃብ ጉዳይ ሲያከራክር ኖሯል። ማንኛውም ሕግ የሶላት ሰዓትን፣ ሐላል ምግብንና የእህቶችን ማደሪያ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልመለሰ ተቀባይነት የለውም። ነገር ግን ዲንን ለስንፍና ጋሻ አናድርገው። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ካልሆነ ለክርስቲያን ጓደኛችንም ፍትሐዊ አይደለምና ተቃውሟችን ለሁሉም መሆን አለበት። ስለ እህቶች ስናወራ ደግሞ እህቶችን እንጠይቅ። በጤና ሳይንስ የሚማሩ እህቶቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ሳምንታት ሠርተው ይመለሳሉ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ከታወቀ ቆይቷል። እነሱ በተግባር የመለሱትን እኛ ገና በክርክር ላይ ነን።

ለኺድማ አዲስ አይደለንም። የወሎን ደረሳ አስቡት። ብላቴናው ስንቁን ይዞ ከሩቅ አገር ወጥቶ በጀማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በጌታ መሻይኾች ዘንድ ይቀራ ነበር። ቀን ለሸይኹ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ማታ ኪታቡን ይዘረጋል። የመንደሩ ሰው ያበላዋል። ሲጨርስ ደግሞ አገሩ ገብቶ ሌላውን ያስቀራል። አዋጅ አልነበረም፣ የቀረ ይቀጣል የሚል የለም። ይህን ያህል ዘመን የኖረው ልጁ ለምን እንደወጣ ስለሚያውቅ፣ ተቀባዩ ሕዝብ እንግዳዬ ስለሚለው፣ ሸይኹም በስሙ ስለሚጠራው ነው። ማንም በስሙ የማያውቀው ወጣት ዩኒፎርም ለብሶ በማያውቀው ወረዳ አንድ ዓመት ቀን ሲቆጥር ከዚህ ጋር አይመሳሰልም።

እንግዲህ ከአዋጅ በፊት በእጃችን ምን አለ? የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣል። ይህ ግዴታ ነው፤ ማንም አልተቃወመውም። ግን ስንቱ ነው በከተማ ቢሮ ወንበር አሙቆ፣ ሪፖርቱን ከሲኒየር ገልብጦ የሚመለሰው? በዚያው ጊዜ በየገጠሩ የእጅ ፓምፕ ቆሞ ሴቶች ወደ ወንዝ ተመልሰዋል። አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ የተሠራው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ስታልቅ ነው። የሚጎድለው መለዋወጫውን የሚያመጣ፣ የውሃ ኮሚቴውን አንድ ቀን ሙሉ የሚያሳይ፣ የትኛው ፓምፕ መቼ እንደቆመ የሚመዘግብ ሰው ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይችለዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። ከጀማዓችን 100 ሰው በክረምት 12 የሥራ ቀን ቢሰጥ 1,200 ቀን ይሆናል። በዓመት 250 ቀን ለሚሠራ አንድ ቴክኒሻን ይህ ወደ 5 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው። ማንም ዓመቱን አልተቀማም፣ የማንም እናት አላለቀሰችም። ሥራው በየራሳችን ወረዳ ስለሆነ ማደሪያውም መንገዱም የታወቀ ነው። ፓምፑ ደግሞ የሙስሊም መንደር ይሁን የክርስቲያን አይጠየቅም፤ የተጠማ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም።

ፈርዱ ኪፋያ «ሌላ ሰው ይሠራዋል» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። መሠራቱን እስክናረጋግጥ ድረስ በሁላችን ላይ ነው። ስለዚህ ለጀማዓው የትምህርት ዘርፍ ሁለት ነገር አቅርበናል። አንደኛ፣ ለኢንተርንሺፕ የሚወጡ ተማሪዎች የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶችን እንዲመርጡ ከየዲፓርትመንቱ ጋር እንዲነጋገር። ሁለተኛ፣ ለክረምቱ ፈቃደኞችን በወረዳ በወረዳ እንዲመዘግብ። ክርስቲያን የክፍል ጓደኛችሁም መምጣት ከፈለገ አምጡት። የወንድሞች ምዝገባ ከጁምዓ በኋላ ነው፤ የእህቶች በእህቶች ዘርፍ በኩል ይሆናል። ስትመዘገቡ ወረዳችሁን፣ የምትማሩትን፣ የምትሰጡትን ቀን ብዛት ጻፉ። የቧንቧ መፍቻ ያለውም ያንን ይጻፍ፤ ከመስጂዱ ቧንቧ እንጀምራለን ኢንሻአላህ።