መንታ ሲወለድ ደቦ ይጠራ

በአገራችን መንታ የተወለደበት ቤት በእልልታ ይሞላል። ዘመድና ጎረቤት እንደየእምነቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ወይም ዱዓ እያደረገ ይገባል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ሽማግሌው ይመርቃል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ደስታና ሽርጉድ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ጠያቂው ሲቀንስ፣ አባትየው ወደ ሥራው ሲሄድ፣ አያትየዋም ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ አራሷ ሁለት የተራቡ ሕፃናትን ታቅፋ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ በኋላ አንደኛው ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር «የአንዲት ሴት ወተት ለሁለት አይበቃም» የሚል ምክር ይሰማል። የላም ወተት በውሃ ይቀጥናል፤ ጡጦ ይገዛል፤ ጡቱም ቀስ በቀስ ይነጥፋል።

በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ችግሩን በሌለበት ቦታ መፈለግ ነው። የመንታ እናት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥራት ወተት ሳይሆን ጊዜ፣ ዕረፍትና ምግብ ነው። ጡቷን ከእርሷ በቀር ማንም ሊሰጥላት አይችልም፤ ጊዜውን፣ ዕረፍቱንና ምግቡን ግን ባሏ፣ ቤተሰቧ፣ ወዳጆቿና ጎረቤቶቿ ሊሰጧት ይችላሉ። ስለዚህ መንታ ማጥባት የእናቲቱ የግል ጣጣ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብና የጎረቤት የጋራ ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን አኃዞች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ ከሚወለዱ 42 ሕፃናት አንዱ መንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከ5 መንታ ሕፃናት አንዱ ያህል 5 ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት፣ ይህም በነጠላ ከተወለዱት ሕፃናት ሞት ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጧል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። መንትዮች ብዙውን ጊዜ ወራቸው ሳይደርስ፣ ክብደታቸውም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ይወለዳሉ፤ ወሊዱም ከነጠላ ወሊድ ይልቅ አደጋ ይበዛበታል። እንዲህ ላለው ደካማ ሕፃን የእናቱ ወተት ምግብም መከላከያም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ወተት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን፣ ከ6 ወር በታች ከነበሩት ሕፃናት የጡት ወተት ብቻ ይመገቡ የነበሩት 58 ከመቶ ናቸው። አንድን ሕፃን ጡት ብቻ ማጥባት ይህን ያህል ከከበደ ሁለቱን ማጥባት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ለመሆኑ የአንዲት እናት ወተት ለሁለት ይበቃልን? ይህን ለመመለስ የጡትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ጡት ተቀድቶ እንደሚያልቅ እንስራ አይደለም፤ በተቀዳ ቁጥር ውሃ እንደሚያመነጭ ምንጭ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይመነጫል፤ ይህም ወተት እንዲሠራ ያደርጋል። ኦክሲቶሲን የተባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ የተሠራው ወተት እንዲወርድ ያደርጋል። ሁለት ሕፃናት ሲጠቡ ጡቶቹ ቶሎ ቶሎ ባዶ ስለሚሆኑ የሚሠራውም ወተት እንደ ፈላጊው ይበዛል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት መንታ የሚያጠቡ ስምንት እናቶችን ወተት መዝነው ነበር። አንድ ሕፃን የምታጠባ እናት በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ 800 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመንታ እናቶቹ መካከል በስድስተኛው ወር በቀን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሰጠች ተገኝታለች።

እንግዲህ «አይበቃም» ተብሎ የሚሰጠው ጡጦ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በጡጦ ጠግቦ የተኛ ሕፃን ጡት አይስብም፤ ያልተሳበ ጡትም ወተት አይሠራም። በማግስቱ በእርግጥ ወተቱ ያንሳል፤ መካሪውም «አላልኩሽም?» ይላል። በዚህ ላይ ውሃው ወይም ጡጦው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይከተላል። የሕፃኑ ለቅሶ ብቻውን የወተት ማነስ ምስክር ሊሆን አይችልም። የተሻለው ምስክር ሚዛንና ሽንት ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚሸናና ክብደቱ እየጨመረ የሚሄድ ሕፃን ወተቱ በቅቶታል።

ሆኖም ምንጩ ይፈልቃል ማለት ቀጂዋ አትደክምም ማለት አይደለም። እስቲ እናስላ። አንድ ጨቅላ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ሁለቱ ተራ በተራ ይጥቡ ቢባል በትንሹ 16 ጊዜ ይሆናል። እያንዳንዱ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ 8 ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። ይህም የአንድ ሠራተኛ የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እሑድ የሌለውና ሌሊትም የማያቆም መሆኑ ነው። ሰባት ሰዓት ያህል እንኳ እንድትተኛ ቢፈቀድላት የሚቀራት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ታዲያ ውሃው የሚቀዳው፣ እንጀራው የሚጋገረው፣ ልብሱ የሚታጠበው፣ ሕፃናቱ የሚታጠቡትና እናቲቱም የምትበላው መቼ ነው? በተጨማሪም ድካም፣ ሕመምና ጭንቀት ወተቱ ቶሎ እንዳይወርድ ያውካሉ። ስለዚህ የአራሷን ሰላምና ዕረፍት መጠበቅ ደግነት ብቻ ሳይሆን ወተቱን መጠበቅም ነው።

ሕዝባችን ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገበሬው ሰብሉ ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራው ማጭዱን ይዞ ብቻውን አይታገልም፤ ደቦ ይጠራል። ደቦ የሚጠራው ሥራው ከአንድ ቤተሰብ ጉልበት በላይ ሲሆንና ጊዜውም የማይጠብቅ ሲሆን ነው። መንታ የተወለደበት ቤት ሁለቱንም ያሟላል። ሥራው ከአንዲት ሴት ጉልበት በላይ ነው፤ የሕፃን ረኃብም እስከ ነገ አይታገሥም። ለጤፍ አጨዳ ደቦ የምንጠራ ሰዎች ለሁለት ነፍስ ስለምን አንጠራም?

ነገር ግን ደቦው ሥራውን ለይቶ ማወቅ አለበት። በደቦ የመጣ ሰው ባለቤቱን ከእርሻው አያስወጣውም። እንደዚሁም አራሷን ሊረዳ የመጣ ሰው ሌላውን ሥራ ሁሉ ይረከባታል እንጂ ማጥባቱን አይወስድባትም። «አንቺ ዕረፊ፤ እኔ በጡጦ ላጥባልሽ» ከማለት ይልቅ «አንቺ አጥቢ፤ እኔ ልጋግርልሽ» ማለት የላቀ እርዳታ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ አስቸጋሪ አይደለም። እናት ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ተደግፋ ሁለቱን ሕፃናት በሁለት ብብቷ ሥር ይዛ በአንድ ጊዜ ማጥባት ትችላለች፤ ይህም የማጥቢያውን ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንስላታል። ሁለተኛውን ሕፃን አንሥቶ የሚያቀብላት፣ ሲጨርሱም ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያስገሳ ሰው ግን ያስፈልጋታል። ሌሊት ይህን ሊያደርግ የሚገባው ከሁሉ በፊት አባትየው ነው። ሕፃን ማቀፍ ወንድነትን አይቀንስም። ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናትን ራቁታቸውን ደረት ላይ ለጥፎ ማሞቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ ተጀምሮ በዓለም የተስፋፋ ዘዴ ሲሆን፣ እናት አንዱን ስታሞቅ አባት ሌላውን በደረቱ ሊያሞቅ ይችላል።

አያት በበኩሏ ምግቡን ትመራለች። የምታጠባ እናት ከወትሮው በላይ በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ እንድትመገብ ይመከራል፤ ለሁለት የምታጠባ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ያስፈልጋታል። አያቶች ለአራስ ያላቸው ፍቅር ታላቅ ነው። ሆኖም እንገርን «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማስፈሰስና ለጨቅላው ቅቤ ማስዋጥ ሊቀሩ የሚገባቸው ልማዶች ናቸው። ወፍራሙና ቢጫው እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ በመሆኑ የመጀመሪያው ክትባቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቅቤው ግን ለበሽታ በር ይከፍታል።

ጓደኞችና ጎረቤቶችም ሁሉም በአንድ ቀን መጥተው በአንድ ቀን ከመጥፋት ይልቅ እንደ ወንፈል ተራ ቢይዙ ይሻላል። ሰኞ አንዷ ውሃ ብታስቀዳ፣ ማክሰኞ ሌላዋ ብትጋግር፣ ረቡዕ ሦስተኛዋ ልብስ ብታጥብ ለማንም አይከብድም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ለዚህ ነው።

ረዳቶች ሁሉ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከመንትዮች አንደኛው አነስ ያለና እንቅልፋም ሊሆን ይችላል። የሚያለቅሰው ሲጠባ የማያለቅሰው እንዳይረሳ ያሰጋል። የደከማት እናት ዝም ያለውን የጠገበ ሊመስላት ይችላልና፣ የጠባበትን ሰዓት የሚቆጥርና ቀስቅሶ የሚያቀርብላት ሰው ያስፈልጋል። ሕፃኑ ለመሳብ አቅም ካነሰው ወተቱ ታልቦ በንጹሕ ኩባያ ይሰጠዋል። ክብደቱ ካልጨመረ፣ ካተኮሰው ወይም ጡት እንቢ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ተጨማሪ ወተት የሚያስፈልገው ሕፃን ወይም ለማጥባት የማትችል እናት መኖሯ አይካድም፤ ይህን የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያ እንጂ የጎረቤት ግምት መሆን የለበትም።

አንዳንዶች «አያቶቻችን ያለ ደቦ መንታ አሳድገዋል» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ከአሳዳጊዋ ጎን እናት፣ አማት፣ ዋርሳና እኅት በአንድ ግቢ ነበሩ፤ ስሙ አልተጠራም እንጂ ደቦው ነበረ። ዛሬ ግን ብዙ የከተማ እናቶች ከዘመድ ርቀው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ይወልዳሉ። ሁለተኛ፣ ያደጉትን መንትዮች እናያቸዋለን እንጂ የሞቱትን አንቆጥራቸውም። ሕጉም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው። 6 ወር ለሚፈጅ ሥራ 3 ቀን ምን ያህል ይበቃል? ጉድለቱን የሚሞላው እንግዲህ ወገን ነው።

የቀረውም አደጋ የሚነካው እናንተን ተማሪዎችን ነው። በብዙ ቤት እናት መንታ ስትወልድ ታላቂቱ ሴት ልጅ ከትምህርቷ ቀርታ ሞግዚት ትሆናለች። ይህ እርዳታ ሳይሆን አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው። ሸክሙ ለአባት፣ ለወንድሞች፣ ለዘመድና ለጎረቤት ከተከፋፈለ አንዲት ልጅ ደብተሯን መዝጋት የለባትም። ወንድ ተማሪም ከትምህርት ሲመለስ ውሃ ቢቀዳ፣ ልብስ ቢያጥብ፣ ሕፃን ቢያቅፍ የእኅቱን የትምህርት ዕድል አዳነ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደፊት በሠፈራችሁ መንታ መወለዱን ስትሰሙ ለመጠየቅ ሂዱ፤ ግን ለመጠየቅ ብቻ አትሂዱ። አራሷንም «ወተትዎ ይበቃቸዋል ወይ?» ብላችሁ አታስጨንቋት። «እትዬ፣ የውሃ መቅጃው የት አለ?» በሏት።