የኮምፒዩተሩም ዘር ከራስ ጎተራ ይሁን

ገበሬ የዘርን ነገር አሳምሮ ያውቃል። ከጎተራው ያስቀመጠውን የስንዴ ዘር ሲሻው ይዘራዋል፤ ሲሻው ለጎረቤቱ ያበድረዋል፤ የተሻለውን ዛላ እየመረጠም ያሻሽለዋል። ዲቃላ የበቆሎ ዘር ግን ምርቱ ቢያስደስትም፣ ከምርቱ ተመልሶ ሲዘራ ስለሚያሽቆለቁል በየዓመቱ የሻጭ ደጅ ያስጠናል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተርም ዛሬ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች አቅርቧል።

ኮምፒዩተር መሪ ፕሮግራም ከሌለው የብረትና የፕላስቲክ ክምር ነው። ይህ መሪ ፕሮግራም ስርዓተ ክወና ይባላል። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራበት የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ነው። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለጥቂት ጊዜ የሚያገለግል ማራዘሚያ ቢያዘጋጅም መፍትሔው ዘላቂ አይደለም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ደኅና የሚሠሩ በርካታ ኮምፒዩተሮች በደንቡ መሠረት ሊቀበሉት አይችሉም።

በዚህ ጊዜ በመሪዎች ፊት የሚታዩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ለአባላት ሊከፋፈል ከሚገባው ትርፍ ቀንሶ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው። ሁለተኛው እድሳት በተቋረጠበት ፕሮግራም መቀጠል፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ ከከተማ ሱቅ ማስጫን ነው። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ይምሰል እንጂ አደጋው ከባድ ነው። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የአባላት የዕጣ መዝገብ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ለመጋዘን የገባው እህል ልክ ነው። በአንድ ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ይህን መዝገብ ቢያጠፋው፣ ማን ስንት ኩንታል እንዳስረከበ የሚመሰክር ነገር አይኖርም። ጠቡም ከጽሕፈት ቤት አልፎ ወደ ቀዬው ይገባል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም ነጻና ክፍት የሆነው ሊኑክስ ነው። እዚህ ላይ «ነጻ» ማለት ያለ ክፍያ ማለት ብቻ አይደለም። ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ ሊመረምር፣ ሊያሻሽልና ለሌላው ሊያካፍል በሕግ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ሥራ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እንደ ደቦ ተጋግዘው አሳድገውታል። በ2004 የወጣውን ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ሲሆን፣ ስሙም በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነትን የሚገልጽ ቃል ነው። ነገሩ ለገጠሩም እንግዳ አይደለም፤ አንድሮይድ የሚባለው የእጅ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው።

በእርሻና በከብት እርባታ የሚታወቀው የስፔን ክፍለ ሀገር ኤክስትሬማዱራ ከሌሎቹ አካባቢዎች ያነሰ ገቢ እያለው፣ በ2002 ሊንኤክስ የተባለ የራሱን ሊኑክስ አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶቹ አዳርሷል። ፕሮጀክቱ በዚያው ስሙ ባይዘልቅም፣ የገጠር ሕዝብ የሌላውን ፈቃድ ሳይጠብቅ መሣሪያውን ለራሱ ማበጀት እንደሚችል አሳይቷል።

ይሁንና ችግር የለም ብሎ መናገር መሪዎችን ማሳሳት ይሆናል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስና 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን ካዛወረች በኋላ፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ መለዋወጥ ማስቸገሩና የሠራተኞች ቅሬታ ከተነሡት ምክንያቶች መካከል ነበሩ። በአገራችንም ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በፒችትሪ የሚያዝበት ማኅበር ያንን አንድ ኮምፒዩተር ለጊዜው እንዳለ ትቶ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የአባላት ዝርዝር የሚጻፍባቸውን ሌሎቹን ማዛወር ይሻለዋል። ለእነዚህ ሥራዎች ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የዎርድና የኤክሴል ሰነዶችን ይከፍታል፤ አልፎ አልፎ የገጹ አቀማመጥ ቢዛባም ጽሑፉ አይጠፋም። በአማርኛ ፊደል መጻፍም ይቻላል።

አፈጻጸሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ መዝገቡ ሁሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይገልበጥ። ቀጥሎ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ተጭኖ በዚያው በፍላሹ ይሞከር፤ እንዲህ ሲሞከር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ነባር ፕሮግራም አይነካም። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ ይስማማል። ከዚያ አንዱ ኮምፒዩተር ብቻ ተዛውሮ ለአንድ የምርት ወቅት ይሠራበት። ሥልጠናው ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይሰጥ፤ ያ ሰው ሥራውን ቢለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳልና። ጸሐፊውና ሌላ አንድ ወጣት አባል፣ ከአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህር ጋር ተቀምጠው ሊማሩ ይገባል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ የወረደው ፕሮግራም እየተገለበጠ ለጎረቤት ማኅበራት ቢታደል ሕገወጥ ቅጂ አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ አካፍሉ ይላል። በጎ ዘር በብድር ቀበሌን እንደሚያዳርስ ሁሉ ይህም ወረዳን ሊያዳርስ ይችላል።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ከማቅረባቸው በፊት፣ አሮጌው በነጻው ፕሮግራም ሊሠራ እንደሚችል አስሞክረው ውጤቱን ለአባላት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ገንዘቡ የአባላት ላብ ነውና፣ ውሳኔውም ከነማስረጃው የአባላት ሊሆን ይገባል።