ማይል ዕቁብ አይደለም

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ መካነ ሰላም ሄጄ የአክስቴን ልጅ አገኘኋት። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። የትኬቶቿን ወረቀት ከፓስፖርቷ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቡና እየተቀዳ "ለመሆኑ ስንት ማይል አለሽ?" አልኳት።

"የምን ማይል?" አለችኝ።

ስድስት በረራ ነው። አንዱም በስሟ አልተቆጠረም። ትኬቱን የቆረጠላት ሰው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። በመጨረሻው ጉዞዋ ሻንጣዋ ከተፈቀደው ኪሎ በልጦ ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ እዚያው አየር ማረፊያ ለማታውቃት ሴት ሰጥታ መጥታለች። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አክስቴ ግን አልሳቁም።

እርግጥ ስድስት በረራ ብቻውን የተጨማሪ ሻንጣ መብት አያስገኝም። ቢሆንም ዜሮ ከመሆን ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ ማይልን እንደ ዕቁብ የሚያጠራቅሙ ዘመዶች አሉን። ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ኦስሎ ያሉት። "ዝም ብዬ ላጠራቅም፤ አንድ ቀን እናቴን አመጣበታለሁ" ይላሉ። የኔ ክርክር ሁለቱም ተሳስተዋል የሚል ነው። የአክስቴ ልጅ ባለመመዝገቧ ከሰረች። ዘመዶቻችን ደግሞ ማይሉ የራሳቸው ገንዘብ መስሏቸው ይከስራሉ። የሁለተኛው ስህተት የሚገለጠው አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም ሼባማይልስ ይባላል። ምዝገባው በነፃ ነው። በበረራችሁ ቁጥር ማይል ይቆጠርላችኋል። ማይሉ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ሲጠራቀም ትኬት ያስገኛል። ሁለተኛ፣ ደረጃ ያሳድጋል፤ ከብሉ ወደ ሲልቨር፣ ከዚያ ወደ ጎልድና ወደ ፕላቲኒየም። አየር መንገዱ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ ጎልድ የደረሰ ሰው በሌሎቹ አባል አየር መንገዶችም መብቱ ይጠበቅለታል። ላውንጅ ይገባል፣ ቼክ ኢን ላይ ረጅሙን ሰልፍ ያልፋል፣ 20 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ያለ ክፍያ ይይዛል። በተቃራኒውም በሌላ የስታር አሊያንስ አየር መንገድ ጎልድ የሆነ ሰው ቦሌ ላይ እንዲሁ ይስተናገዳል።

ለነጋዴና ለባለሥልጣን ትልቁ ነገር ላውንጁ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ግን 20 ኪሎው ነው። ሲመጣ የወንድም ላፕቶፕ፣ የእናት መድኃኒት፣ የልጆች ጫማ ነው። ሲመለስ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤና ጋቢ ነው። መካነ ሰላም በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ኤምኬኤስ የሚል የራሷ መለያ አላት፤ መደበኛ በረራ ግን የላትም። ስለዚህ ያ ሻንጣ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን ቢመጣም፣ ከዚያ በደሴና በአቀስታ በኩል በመኪና ተጭኖ ነው ቦረና የሚገባው። ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዝ እያንዳንዱ ኪሎ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለው።

አሁን ወደ ውህደቱ እንምጣ። ዩኤስ ኤርዌይስ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። ዋሽንግተን ሬገን አየር ማረፊያ ላይ ትልቅ ይዞታ ነበረው፤ የስታር አሊያንስ አባልም ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኅብረቱን ከተቀላቀለ በኋላ፣ ከዋሽንግተን ዱለስ ወደ ቦሌ የሚበር ያገራችን ሰው ማይሉን ዲቪደንድ ማይልስ በሚባለው የዩኤስ ኤርዌይስ ፕሮግራም ማስቆጠር ይችል ነበር። ለአገር ውስጥ ጉዞውም እዚያው ስለሚያጠራቅም ያዋጣዋል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ዩኤስ ኤርዌይስ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተዋሃደ። አሜሪካን ያለው ዋንወርልድ በሚባለው በሌላኛው ኅብረት ውስጥ ነው። በማርች 2014 መጨረሻ ዩኤስ ኤርዌይስ ስታር አሊያንስን ለቆ ወደ ዋንወርልድ ገባ። በ2015 ዲቪደንድ ማይልስም ፈርሶ ከአሜሪካን አድቫንቴጅ ጋር ተቀላቀለ። ማይሉ አንድ ለአንድ ነው የተዛወረው፤ ከቁጥሩ ላይ የጎደለ ነገር የለም። ግን ቦሌ ላይ ያ የጎልድ ካርድ ተራ ፕላስቲክ ሆነ። ላውንጁም ተጨማሪ ሻንጣውም ቀረ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ በሚደረግ በረራ አዲስ ማይል ማስቆጠርም ቆመ። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም። ያላማከሩት ሁለት ኩባንያዎች ስለተጋቡ ብቻ ነው።

"ይሄማ የድሮ ታሪክ ነው" የሚል ካለ፣ ቅርቡን ልንገረው። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ ስታር አሊያንስን እ.ኤ.አ. በ1997 ከመሠረቱት አምስት አየር መንገዶች አንዱ ነው። ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ሲዋቀር ኤር ፍራንስ ኬኤልኤም ድርሻ ገዛ። ሙሉ ውህደት እንኳ አይደለም፤ የድርሻ ግዢ ነው። ያም ሆኖ ኤስኤኤስ በኦገስት 2024 መጨረሻ ስታር አሊያንስን ተሰናብቶ በማግስቱ ስካይቲም ገባ። ኦስሎና ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የዩሮቦነስ ጎልድ ካርድ በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ ዋጋ አጣ። መሥራች አባል እንኳ ጥሎ ይወጣል ማለት ነው።

በዕድር ቋንቋ ልበለው። ሃያ ዓመት የከፈላችሁበት ዕድር ከሌላ ሰፈር ዕድር ጋር ይቀላቀላል። መዝገባችሁ ላይ ሃያ ዓመት ተብሎ ተጽፏል፤ ማንም አልፋቀውም። ድንኳኑ ግን ከወንዙ ማዶ ሄዷል። ለቅሶው ደግሞ ወዲህ ነው።

ኅብረቱ ባይቀየር እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። የሁለት አየር መንገድ ጎልዶች አንድ ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ፣ የላውንጁ ወንበርና የቢዝነስ ክላሱ መቀመጫ በዚያው ልክ አይጨምርም። ትናንት አምስተኛ ተጠባባቂ የነበረ ሰው ዛሬ አሥራ አምስተኛ ይሆናል። ኩባንያው ሰልፉን ለማሳጠር ሲል መመዘኛውን ከፍ ያደርገዋል። ካርዱ ላይ ጎልድ ይላል፤ የሚሰጠው ግን የትናንቱን አይደለም።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ጋብቻው የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። የወሎ ልጆች በደንብ የሚያውቁት ፍላይዱባይ ኦፕን የሚባል የራሱ ትንሽ ፕሮግራም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያን ትቶ የኤምሬትስ ስካይዋርድስን ተቀላቀለ። ሁለቱም የዱባይ መንግሥት ኩባንያዎች ስለሆኑ ነገሩ ውህደት ሳይሆን የአንድ ቤት ልጆች ስምምነት ነው። ውጤቱ ግን ከአዲስ አበባ በፍላይዱባይ የሚሄድ ሰው ማይሉን በኤምሬትስ ሰፊ መረብ ላይ መጠቀም መቻሉ ነው። ስለዚህ "ውህደት ሁሉ ክፉ ነው" አልልም። የምለው፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ ውሳኔው የእናንተ አይደለም ነው።

ለዚህ ነው ማይል ዕቁብ አይደለም የምለው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዕጣው ዛሬ ባይወጣልህ አንድ ቀን ይወጣልሃል፤ ብሩ የአባላቱ ነው። ማይል ግን የኩባንያው ነው። የአብዛኞቹን ፕሮግራሞች ደንብ ብታነቡ፣ ማይሉ የአባሉ ንብረት እንዳልሆነና ኩባንያው ደንቡን ሊቀይር እንደሚችል ተጽፎ ታገኛላችሁ። አብዛኞቻችን "እስማማለሁ" የምትለዋን ቁልፍ ተጭነን የምናልፈው እሱን ነው። ኩባንያው በፊናው ፕሮግራሙን እንደ ሀብት ይቆጥረዋል። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ማይሌጅፕላስን መያዣ አድርጎ ቢሊዮኖች ዶላር ተበድሯል። የእኛ ታማኝነት እንደ ቤት ካርታ ባንክ ተይዟል ማለት ነው።

ታዲያ ማን ይጠብቀን? እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች መንገዱን አሳይተዋል። አላስካ ኤርላይንስ የሃዋይ አየር መንገድን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲገዛ፣ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት ሁለቱን ኩባንያዎች ቃል አስገብቷቸዋል። የሃዋይ ማይሎች ዋጋ ይጠበቃል፣ አንድ ለአንድ ይዛወራል፣ የአባላቱ ደረጃም ይከበራል የሚል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኮሪያን ኤር ኤሲያናን ሲጠቀልል፣ የማይል ማዋሃጃ ዕቅዱን ለአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ማቅረብ ግድ ሆኖበታል። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያውን ዕቅድ "አሻሽላችሁ ኑ" ብሎ መልሶታል። ማይል ተራ ስጦታ ቢሆን ኖሮ መንግሥት እንዲህ ባልደከመ ነበር።

"እኛ ምን አገባን? የኢትዮጵያ አየር መንገድን ማንም አልገዛው" ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ግን እሱ ራሱ ገዢ ነው። ሎሜ ባለው አስካይና በማላዊ አየር መንገድ ውስጥ ድርሻ አለው። አገር ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2017 የኤርፖርቶች ድርጅት ከእሱ ጋር ተዋህዶ አንድ ግሩፕ ሆኗል። የአፍሪካ ሰማይ ወደፊት ብዙ ጋብቻ ያያል። ያኔ የአነስተኛው አየር መንገድ ደንበኛ ልክ እንደ ዋሽንግተኑ ሰው ይሆናል፤ እኛም የሌሎች ደንበኞች ላይ የምንወስን እንሆናለን። አገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አላት፤ ስለ ውህደትም ይደነግጋል። ውህደት ሲመረመር ማይልና ደረጃም እንደ ሸማች መብት ይታይ የሚል መመሪያ ቢወጣለት ብዙ ወጪ የለውም። አየር መንገዱም የፕሮግራሙን ደንብ የጂዳና የቤይሩት መንገደኛው በሚገባው ቀላል አማርኛ፣ በአጭር ቪዲዮ ሳይቀር ቢያስረዳ ያተርፋል እንጂ አይከስርም።

እስከዚያው ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዳይሆንብን፣ ስልካችሁ ላይ የምታደርጉት ነገር አለ።

ከመብረራችሁ በፊት ተመዝገቡ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያለፈ በረራን የሚቀበሉት ለተወሰኑ ወራት ብቻ ነው። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይግባ፤ እኛ ጋ ቤት የሚጠሩበት ስም ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ትኬት የሚቆርጥላችሁ ኤጀንሲ ከሆነ ቁጥራችሁን እንዲያስገባ ንገሩት። ትኬቱ ማይል ያስቆጥር እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንድ በጣም ርካሽ ትኬቶች አያስቆጥሩም።

ፕሮግራም ስትመርጡ ለአገር ቤት መንገዳችሁ አስቡ። በዓመት አንዴ ቦሌ የምትመጡ ከሆነ፣ ቦሌ ላይ የሚሠራ ካርድ ያዙ። የጎረቤታችሁ ምርጫ የእናንተን መንገድ ላይመጥን ይችላል።

አታከማቹ። ለአንድ ትኬት የሚበቃ ማይል ሲሞላ ተጠቀሙበት። ማይል ወለድ አይወልድም፤ ጊዜው ያልፍበታል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ባለቤቱም ይቀየራል። እናታችሁን ልታመጡበት ካሰባችሁ፣ ዘንድሮ አምጧቸው።

የውህደት ዜና ስትሰሙ ደግሞ የዚያኑ ቀን የማይላችሁንና የደረጃችሁን ስክሪንሾት አንሱ። ኢሜይሉን ሳታነቡ አትሰርዙ። በተተወው ኅብረት ውስጥ የቀሩ አየር መንገዶች አንዳንዴ የተሰናባቹን ጎልዶች በዚያው ደረጃ ይቀበላሉ፤ ዕድሉ ግን አጭር ነው።

መካነ ሰላም ያን ዕለት ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ የአክስቴን ልጅ በስልኳ መዘገብኳት። የፓስፖርቷን ስም እያየን፣ ኔትወርኩ ሁለቴ እየጠፋ ማለት ነው። የመጣላትን ቁጥር የፌስታሉ ውስጥ ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ ጻፈችው። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና "ኩባንያው ቢሸጥስ፣ ዳኛው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን ግን ሊመልሱ ለሚገባቸው ሰዎች ይድረስ ብዬ እዚህ ጽፌዋለሁ።