መድረክ የጫነ መኪና በጎብዬ አላለፈም

አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ የራያ ሰው ስታገኙ ምን አይተህ መጣህ ብላችሁ ጠይቁት። አንድነት ፓርክ ይላችኋል፣ ወዳጅነት ፓርክ ይላችኋል፣ የዓድዋ ሙዚየም፣ የቦሌ ፎቆች፣ መርካቶ ይላችኋል። ስልኩን አውጥቶ ውሃው ከመብራት ጋር ሲዘል ያነሳውን ፎቶ ያሳያችኋል። ቴአትር ቤት ገባሁ የሚላችሁን ግን ፈልጉ፤ እኔ ከአክስቴ በቀር ፈልጌ አጥቻለሁ። ዘመድ እንግዳውን ይዞ ከተማውን ሲያዞር በቴአትር ቤቱ ደጃፍ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ንዴቴ በእንግዳውም በዘመዱም አይደለም። ቴአትር የከተሜ ነው፣ እናንተን አይመለከትም ብሎ ያሳመነን ሥርዓት ነው የሚያናድደኝ።

የጎብዬ ልጅ ነኝ። ጎብዬን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ዋናው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ ታበቅላለች፤ ከብት ታረባለች። ሩቅ ናት፣ ገደል ውስጥ ናት፣ መንገድ የላትም የሚል ምክንያት ለእሷ አይሠራም። በዚህ አስፋልት ያላለፈ ነገር የለም። የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና አልፏል። ታንክና መድፍ በሁለቱም አቅጣጫ አልፏል። ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ ቢራ፣ የምርጫ ሳጥን፣ የጥምቀት ታቦት፣ ሙሽራ የያዘ ሚኒባስ፣ ቁስለኛ የያዘ አምቡላንስ አልፏል። መድረክ፣ መጋረጃና ተዋናይ ጭኖ መጥቶ ጎብዬ ላይ የቆመ መኪና ግን እኔ በኖርኩበት ዘመን አላየሁም።

አዲስ አበባ ውስጥ የትኞቹ ቴአትር ቤቶች ይጎበኙ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወገኔ መልስ አለኝ። መልሱን የምሰጠው ግን ባለቤት ንብረቱን ሊያይ ሲሄድ እንደሚነገረው አድርጌ ነው።

መጀመሪያ ሀገር ፍቅር ሂዱ፤ ፒያሳ ነው። ይህ ቤት የተመሠረተው ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን አስተውሉት። የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ስንቁን እያከማቸ፣ ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት። ንግግር፣ ቀረርቶ፣ ፉከራና ዘፈን ሰውን እንዲያነቁ ታስበው ነው የተሰባሰቡት። መስከረም 1928 ጣልያን ድንበር ጥሶ ገባ። እንግዲህ በዚህ የጦርነትና የችግር ወቅት ስለ ቴአትር ማውራት ቅንጦት ነው የምትሉኝ ሁሉ ስሙ፦ የሀገሪቱ አንጋፋ ቴአትር ቤት የተወለደው የጦርነት ነጋሪት ሲጎሰም ነው። አባቶቻችን ጠመንጃ ባነሰበት ሰዓት መድረክ ያስፈልጋል ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ፣ ነሐሴ 2014 ዳግም ሲያገረሽ፣ ከዚያም ወዲህ ተኩስ አልቋረጥ ሲል ያየነውን አይተናል። ያን ሁሉ ሐዘን የምናወጣበት ጉባኤ ለቅሶ ቤት ብቻ እንዲሆን የተፈረደብን በምን ጥፋታችን ነው?

ከሀገር ፍቅር ወጥታችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትሄዱ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ታገኛላችሁ። ቁሙና እዩት። ሐምሌ 1928 ፋሺስቶች የረሸኗቸውን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ለመድረክ ጽፎታል። አርክቴክቱ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ውስጥም ትልቅ የቴአትር አዳራሽ አለ። መርካቶ የምትሄዱ ነጋዴዎች ደግሞ ራስ ቴአትር እዚያው እጃችሁ ላይ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን አትለፉት።

ከዚያ የአንበሳው ሐውልት ወደቆመበት ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውረዱ። ሕንፃውን ጣልያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የነበረ ነው፤ ተጠናቅቆ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ነው፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን»። አንበሳውን የሠራው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ከአንበሳው ስር ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ እናንተ ትኬት ቁረጡና ግቡ። ወጋየሁ ንጋቱን የመሰሉ ተዋንያን የገነኑበት መድረክ ነው። ቤቱ የቆመው በመንግሥት በጀት ነው። በጀቱ ከምን እንደሚመጣ ለጎብዬ ገበሬና ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚከፍለው እሱ ነው። በተለምዶ አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ዘመዳችሁን አስጠይቁ።

አክስቴን ለሕክምና አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ አንዱ ቴአትር ቤት ይዣት ገብቼ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በጨዋታው መሃል አንድ አባት ልጁን በሐሰት ሲያማርር አላስቻላትም፤ «ኧረ አንተ ሰውዬ እግዜርን ፍራ! ልጁ ምን አደረገህ?» አለች ጮክ ብላ። ከኋላችን ሳቁባት። አስተናጋጁ መጥቶ ዝም እንድትል፣ ካልሆነ እንድንወጣ ነገረን። ደሜ ፈላ። እኔ የማውቀው ይህ ነው፦ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ምሽት ከእሷ የበለጠ ተመልካች አልነበረም። ሌላው ስልኩን ሲያበራና ሲያጠፋ፣ እሷ የሰውን ልጅ በደል አይታ መልስ ሰጠች። ቴአትር ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? የራያ ሰው ዘፈን ሲሰማ ይቀበላል፣ ፉከራ ሲሰማ ይነሳል፣ ሙሾ አውራጇ ስታወርድ አብሮ ያለቅሳል። ዝም ብሎ መቀመጥን አዋቂነት ያደረገው ሌላ ሰው ነው። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ቴአትር ቤት አልገባችም።

ባላገሩ ቴአትር አይገባውም የሚለውን ንቀት ከሥሩ መንቀል አለብን። ፍልሰታ ሲፈታ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን ሲጫወቱ እዩ። ላስታዎች አሸንድዬ፣ ዋጎች ሻደይ የሚሉት ነው። አልባሳት አለው፣ ከበሮ አለው፣ አውራጅና ተቀባይ አለው፣ እየተጫወቱ ከደጅ ደጅ መሄድ አለው፣ በግጥም ማወደስና በግጥም መንካት አለው። ደም ሲደርቅ የወሎ አበጋሮች፣ የራያ ዘወልዶች ሸንጎ ተቀምጠው ሲያስታርቁ እዩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚንበረከክ በሥርዓት የተደነገገ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ተሸክመው ነው በየመድረኩ የሚዞሩት። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሰን ያህል ድምፃዊት ለሀገር ሰጥቷል። ይህ ሕዝብ ነው ጥበብ አይገባውም የሚባለው!

ዓለም እኛን መድረክ ላይ ያወጣን ስንራብ ብቻ ነው። በ1966 የወሎን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀረፀው፤ ያው ፊልም መስከረም 1967 ንጉሡ በወረዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ ታየ። ጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም፣ ከእኛው ከራያ አፋፍ፣ ዘገባውን ላከ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በለንደን ዌምብሌይና በፊላደልፊያ ግዙፉ ላይቭ ኤይድ ተደገሰ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ለተደረገልን እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ጉዞ አውሮፓና አሜሪካን ዞረ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ባለሙያዎቹንም አከብራለሁ። ግን የተራበው ማን ነበር? ያ ውዝዋዜና ሙዚቃ በእኛ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ያየ የጎብዬ ሽማግሌ ፈልጌ አላገኘሁም። ለማያውቁን ሰዎች ባሕር የተሻገረ መድረክ ለእኛ ውጫሌን መሻገር አቃተው። ዛሬም የአዲስ አበባ ተውኔቶች ለዳያስፖራው ተብለው በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ ቆቦ ግን ሩቅ ነው ይባላል።

በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ስንት ተውኔት ተጽፏል? ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጽፏል፣ ጸጋዬ ጽፏል፣ ሌሎችም ጽፈዋል። ንጉሡ የወደቁበት መቅደላ የወሎ ተራራ ነው። የመቅደላን ሞት አዲስ አበባ ከወንበር ላይ ሆና ታለቅሳለች፣ ታጨበጭባለች። ከመቅደላ ግርጌ ያለው ሰው የገዛ ተራራውን በመድረክ አላየም።

«ወጪው አይቻልም» የሚል መልስ ይመጣል። እሺ፣ ወደ ወሊሶ እንሂድ። የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች፣ እነ ንጋቷ ከልካይና እነ ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ወሊሶ ወርደው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ዝግጅታቸውን አሳይተው ነበር። ከተማሪዎቹ መሃል አንድ ልጅ ኢዮኤልን ቀርቦ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው። ከፈለግህ አዲስ አበባ ና አለው። ልጁ ትምህርቱን ትቶ በእግሩ ወጣ። ያ ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ነው። አንድ ጉዞ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ለአንድ ሀገር ጥላሁንን አስገኘ። የዚያ ቀን ነዳጅና አበል ስንት ብር ወጥቶበት ይሆን? አሁን በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በቆቦ ትምህርት ቤቶች ስንት ጥላሁን፣ ስንት ወጋየሁ፣ አንድ ኢዮኤል ሳይመጣለት እንዳደገ አስቡ። የባከነውን እሱን ነው ወጪ የምለው።

ጎረቤት ኬንያን ተመልከቱ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ሊሙሩ አጠገብ ካሚሪቱ በምትባል መንደር ከገበሬውና ከሠራተኛው ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት ሠራ። መድረኩን መንደርተኛው በእጁ ገነባው፤ ተዋናዩም ራሱ መንደርተኛው ነበር። ሰው ከየአካባቢው ጎረፈ። መንግሥት ፈራና አገደው፣ ንጉጊን ያለ ፍርድ አሰረው፣ በዚሁ አቆጣጠር በ1982 መድረኩን አፈረሰው። የባላገር መድረክ ዋጋ ቢስ ቢሆን ኖሮ ባልፈረሰ ነበር። የዩጋንዳው ማከረሬ ዩኒቨርሲቲም በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ተማሪዎቹን ይዞ በየገጠሩ እየዞረ ተውኔት ያሳይ ነበር። እኛም ዘንድ ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወልድያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠርቶልናል፤ ደስ ብሎናል፣ ኳሱን እናያለን። እግር ኳስ ለባላገር ይገባዋል ተብሎ ስታዲየም ከተሠራ፣ ተውኔት አይገባውም ያለው ማን ነው?

ስለዚህ ለወገኖቼ የምለው ይህ ነው። ከጎብዬ፣ ከሮቢት፣ ከቆቦ ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ለልጅ ምርቃት አዲስ አበባ ስትሄዱ አንድ ምሽት ለቴአትር አስቀሩ። ጋቢያችሁን እንደለበሳችሁ ግቡ። የሚያስቀው ላይ ሳቁ፣ የሚያናድደው ላይ ተናገሩ። ዘመዶቻችን የሆናችሁ የአዲስ አበባ ሰዎችም እንግዳችሁን ፏፏቴ ብቻ አታሳዩ።

ለቴአትር ቤቶቹ ደግሞ፦ መንገዱ ሰላም በሆነበት የመጀመሪያው ነሐሴ፣ ሶለል በሚከበርበት ሳምንት፣ አንድ አይሱዙ መድረክና አንድ ሚኒባስ ባለሙያ ላኩልን። ትልቅ ተውኔት አምጡ፤ ለባላገር ይበቃል ብላችሁ የቅስቀሳ ድራማ አታምጡብን። ማደሪያና ምግቡ በእኛ ነው። የትምህርት ቤቱን ሜዳ እናጸዳለን፣ ወንበር ከየቤታችን እናወጣለን፣ የጎደለው መሬት ላይ ይቀመጣል። አክስቴን ከፊት አስቀምጣታለሁ፤ ተናገርሽ ብሎ የሚያስወጣት አስተናጋጅ ግን ይዛችሁ አትምጡ።