የመድኅን መታወቂያ ለልብ ሕመምተኛ ምን ይፈይዳል?

ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 የአገሪቱ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። የሩዝ ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ከያዘ የመንግሥት ጤና ተቋም በር ይከፈትለታል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በተለምዶ ሃርት አታክ የምንለው ሕመም የሚከሰተው ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሥሩን በቀጭን ቱቦ የሚከፍተው ሕክምና ሕመሙ በታወቀ በ120 ደቂቃ ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። በአገራችን አገልግሎቱ በአመዛኙ የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ ያውም በግል ተቋማት ነው። ከወረታ እስከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ገንዘብ ያለው ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄዶ ከኪሱ ከፍሎ ይታከማል። መታወቂያ ብቻ የያዘው ግን ሪፈር ቢጻፍለትም ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

እኔ ግን በየከተማው ውድ መሣሪያ እስኪተከል መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የረጋ ደም የሚያሟሙ እንደ ስትሬፕቶካይኔዝ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ደም የማፍሰስ አደጋቸው ተመዝኖ ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተሰጡ ሕይወት ያተርፋሉ። ስለዚህ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር የመንግሥት ሆስፒታሎች የልብ ምርመራው (ኢሲጂ)፣ ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያና መድኃኒቱ ሌትም ቀንም እንዳይጠፉ፣ ወጪውንም መድኅኑ እንዲሸፍን ማድረግ ይቀድማል። የመድኅን ዓላማ ሰው በኪሱ ልክ እንዳይታከም ማድረግ ከሆነ፣ ዋናው ፈተናው እዚህ ላይ ነው።