ጤናችን፦ ሳል በጠባብ ቤት ውስጥ

በገጠር ቀበሌያችን ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁላችንም እናውቃታለን። ይህ ሥራ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ከተማ ውስጥስ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አለ ወይ? አዎን፣ አለ። የከተማው በ2002 ዓ.ም. ተጀመረ። መጀመሪያ የተመደቡት ነርሶች ነበሩ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ስላለው የቀበሌ ቤት እንነጋገር። የቀበሌ ቤት ምንድን ነው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቀበሌ ያዛቸው። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ድሆች እዚያ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ቤቶች ፈርሰዋል። በቀሩት ግን አሁንም ሰው አለ። አብዛኛው ቤት የጭቃ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። መጸዳጃውም የጋራ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት አንድ ሰው ቢያስል ምን ይሆናል? የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ በትንፋሽ ይተላለፋል። በሽተኛው ሲያስል ጀርሙ አየር ላይ ይቀራል። መስኮት ከሌለ ያንን አየር ቤተሰቡ ሁሉ ይተነፍሰዋል።

ሰው ግን ይደብቃል። «ብርድ ነው» ይላል። «ጎረቤት ሰምቶ ቡና እንዳይከለክለኝ» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ባለሙያዋ ዘው ብላ «ማነው የታመመ?» አትልም። ቁጭ ብላ ትጫወታለች። ከዚያ «እማማ፣ ይህ ሳል ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ትላለች። 2 ሳምንት ከሆነው ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው።

ትልቁ ችግር ከዚያ በኋላ ይመጣል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። በሽተኛው ግን በ2 ወር ይሻለዋል። ሳሉ ይጠፋል። ምግብ ይበላል። «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ጀርሙ ግን ገና አልሞተም። ተመልሶ ሲነሣ መድኃኒቱን የለመደ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል። ባለሙያዋ ደጋግማ በር የምታንኳኳው ለዚህ ነው።

ቤቱን ማስፋት አትችልም። መስኮት እንዲከፈት፣ የሚያስል ሰው አፉን እንዲሸፍን፣ አብረውት የሚኖሩ ልጆችም እንዲመረመሩ መምከር ግን ትችላለች።

የእኛስ ጎጆ መስኮት አለው? በቤትዎ 2 ሳምንት ያሳለ ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ለሠራተኛዋ ይንገሯት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትዎም ይህን ያንብቡለት።